ለማዕድ ቤት ግድግዳ ዋጋውን የሚመጥን ሴራሚክ አመራረጥ

የግድግዳ ሴራሚክ በቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ውስጥ ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ስሕተቱ ለማረም አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ነው። ያልተወደደ ቀለም በሌላ ቀለም ይሸፈናል፤ ያልገጠመ በር ተነቅሎ ይስተካከላል። ሴራሚክ ግን ከግድግዳው ጋር ከተያያዘ በኋላ ሳይሰበር አይነቀልም፤ ወደ ሻጩም አይመለስም። በዚህ ምክንያት ገዢው ሊያደርገው የሚገባው ምርመራ፣ ስሌትና የመብት ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ይህ መረጃ የመኖሪያ ቤታቸውን ማዕድ ቤት ራሳቸው የሚያሠሩ ወይም የሚያሳድሱ ዜጎች፣ በተለይም የጋራ መኖሪያ ቤት ተረክበው ቀሪውን የማጠናቀቂያ ሥራ በውስን ገንዘብ የሚያከናውኑ ነዋሪዎች፣ ለከፈሉት ገንዘብ ተመጣጣኝ ዕቃ እንዲያገኙ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። የመረጃው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ሊነጻጸር የሚገባው የካርቶኑ ዋጋ ሳይሆን ተለጥፎ የተጠናቀቀው የአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ዋጋ ነው።

1. የሚለጠፈውን ስፋት አስቀድሞ መወሰን

በማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትለው ብዙውን ጊዜ የሴራሚኩ ውድነት ሳይሆን ሴራሚክ የማያስፈልገውን ቦታ ሁሉ መለጠፍ ነው። ሴራሚክ በእርግጥ የሚያስፈልገው ዘይት በሚፈናጠርበት የምድጃ አካባቢ፣ ውሃ በሚረጭበት የዕቃ ማጠቢያ ጀርባና የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ነው። ቀሪው ክፍል ሊታጠብ በሚችል የዘይት ቀለም ቢሸፈን አገልግሎቱ አይጓደልም።

ለማሳያ ያህል ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትርና ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ማዕድ ቤት ይወሰድ። በሩ 0.8 በ2.1 ሜትር፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ የሚጀምረው መስኮት ደግሞ 1.2 በ1 ሜትር ነው። የአራቱ ግድግዳዎች ዙሪያ 10 ሜትር ይሆናል። በዚህ ክፍል ሦስት አማራጮች አሉ፦

• እስከ ጣሪያ ድረስ መለጠፍ፦ 26 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ የበሩና የመስኮቱ 2.88 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 23.12 ካሬ ሜትር፤
• ከወለል እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ዙሪያውን መለጠፍ፦ የበሩ ስፋት ተቀንሶ በሚቀረው 9.2 ሜትር ላይ 13.8 ካሬ ሜትር፤
• በ3 ሜትሩና በ2 ሜትሩ ግድግዳ ላይ ከተዘረጋው የሥራ ጠረጴዛ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ መለጠፍ፦ 3 ካሬ ሜትር።

በመጀመሪያውና በሦስተኛው አማራጭ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ገንዘቡ ውስን የሆነ ቤተሰብ ዝቅተኛ ጥራት ባለው ሴራሚክ ሙሉውን ግድግዳ ከሚሸፍን ይልቅ ጥሩ ሴራሚክ መርጦ አስፈላጊውን ቦታ ቢሸፍን ይመረጣል። ምግብ በከሰል ወይም በማገዶ የሚበስልበት ቤት ከሆነ ግን ጥቀርሻው ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ ቢያንስ ከምድጃው በላይ ያለውን ክፍል እስከ ጣሪያ ድረስ መለጠፉ ተገቢ ነው።

በተለካው ስፋት ላይ ለሚቆረጥና ለሚሰበር 10 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው። ሴራሚኩ በሰያፍ የሚለጠፍ ከሆነ መጠባበቂያው ወደ 15 በመቶ ከፍ ይላል።

2. የሴራሚክ ዓይነቶችና ለግድግዳ ያላቸው ተስማሚነት

በገበያ ላይ ያሉት ሴራሚኮች በዋናነት የሚለዩት ውሃ በመምጠጥ መጠናቸው ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 13006 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ፖርስሊን የሚባለው ከክብደቱ 0.5 በመቶ ያልበለጠ ውሃ የሚመጥ ሲሆን፣ የተለመደው የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ በሚመጥ ምድብ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ልዩነት የግድግዳ ሴራሚክን ዝቅተኛ ዕቃ አያደርገውም። ግድግዳ እንደ ወለል አይረገጥም፤ ከባድ ዕቃም አይጎተትበትም። ውሃን የሚከላከለው ከላይ ያለው ብርጭቆ መሰል ልባስ ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ቀላል ስለሆነ ለመለጠፍ ምቹ ነው፤ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ጀርባው ውሃ ስለሚመጥም ከሲሚንቶ ጋር በደንብ ይያያዛል። በአንጻሩ ፖርስሊን ጠንካራ ቢሆንም ጀርባው ውሃ ስለማይመጥ በተራ የሲሚንቶ ቡኬት ሲለጠፍ ከጊዜ በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ስለሆነም ለፖርስሊን ተብሎ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል፤ ለመቁረጥና ለመብሳትም የተሻለ መሣሪያ ይጠይቃል። በቅናሽ የተገኘ ፖርስሊን በማጣበቂያና በእጅ ዋጋ ምክንያት ከግድግዳ ሴራሚክ በላይ ሊያስወጣ እንደሚችል ማስላት ይገባል።

አንዳንድ ሻጮች የሴራሚኩን ጥሩነት ለማስረዳት ከ0 እስከ 5 ባለው ቁጥር የሚገለጸውን የመፋቅ መቋቋም ደረጃ ይጠቅሳሉ። ይህ ደረጃ የሚያገለግለው ለወለል ነው። ለግድግዳ የሚገዛ ሰው ለዚህ ባሕርይ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። የግድግዳ ሴራሚክን ግን ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ወለል ላይ ማንጠፍ አይገባም፤ ልባሱ በፍጥነት ይፋቃል፤ አካሉም በክብደት ይሰነጠቃል።

የፊቱ ገጽታም ሊታሰብበት ይገባል። በርበሬ፣ እርድና ዘይት በብዛት በሚሠራበት ማዕድ ቤት ለስላሳና አብረቅራቂ ገጽ በቀላሉ ይጸዳል። ሻካራ፣ የተቦረቦረ ወይም ድንጋይ መሰል ገጽ ያለው ሴራሚክ በሱቅ ውስጥ ቢማርክም የዘይት ጭስ በጉድጓዶቹ ውስጥ ይይዛል።

የመጠን ምርጫም በጽዳት ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ምክንያቱም ቆሻሻ በቅድሚያ የሚይዘው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 8.3 ሜትር ያህል የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። ይህ ርዝመት በ25 በ40 ሴራሚክ ወደ 6.5 ሜትር፣ በ30 በ60 ሴራሚክ ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይቀንሳል። ይሁንና ትልቅ ሴራሚክ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። ልስኑ ወጣ ገባ በሆነ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው በላይ ወጥቶ ይታያል። ግድግዳውን እንደገና ለማስተካከል የሚያስፈልገው ወጪ ከፍተኛ ከሆነ መካከለኛ መጠን መምረጥ ይበጃል።

3. በካርቶኑ ላይ ሊነበቡ የሚገባቸው መረጃዎች

በሱቅ ውስጥ በሰሌዳ ተለጥፎ የሚታየው ናሙና ገዢው የሚወስደው ዕቃ አይደለም። የሚወስደው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስለሆነ የሚከተሉትን ከካርቶኑ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሀ) የጥራት ደረጃ፦ አንደኛ ደረጃ ተብሎ የተመደበ ሴራሚክ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነው ከሚታይ የገጽ ጉድለት ነጻ መሆን አለበት። ሁለተኛ ደረጃ የሆነ ዕቃ በራሱ ሕገወጥ አይደለም፤ በአንደኛ ደረጃ ዋጋ መሸጡ ግን ገዢውን ይጎዳል።

ለ) የቀለም ቁጥር፦ አንድ ፋብሪካ አንድን ንድፍ በተለያየ ጊዜ ሲያመርት የቀለሙ ድምቀት በመጠኑ ይለያያል። ልዩነቱ በሱቅ መብራት ባይታይም በግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ጎልቶ ይወጣል። ሁሉም ካርቶኖች ተመሳሳይ የቀለምና የምርት ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል።

ሐ) የልክ ቁጥር፦ በካርቶኑ ላይ 25 በ40 ቢባልም ትክክለኛው ልክ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለይ ይችላል። ፋብሪካዎች ይህን ልዩነት ካሊበር በሚባል ቁጥር ይለያሉ። የተለያየ ካሊበር ያላቸው ሴራሚኮች ሲቀላቀሉ መጋጠሚያዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም።

መ) የካርቶኑ ይዘት፦ የሴራሚኮቹ ብዛትና የሚሸፍኑት ስፋት በካሬ ሜትር ሊጻፍ ይገባል። ሁለት ካርቶኖች ተመሳሳይ መስለው የተለያየ ስፋት ሊሸፍኑ ይችላሉ።

በሀገር ውስጥ በሀዋሳና በደብረ ብርሃን የሴራሚክ ፋብሪካዎች ይገኛሉ፤ ከውጭ የሚገቡ ምርቶችም በስፋት ይሸጣሉ። የተመረተበት ሀገር ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። የሀገር ውስጥ ምርት ግን ዕቃው በጎደለ ወይም በተሰበረ ጊዜ ተመሳሳዩን ንድፍ ለማግኘት ያለውን ዕድል ሊያሰፋ ስለሚችል፣ ንድፉ በምርት ላይ የሚቆይ መሆኑን ሻጩን መጠየቅ ይጠቅማል።

4. በሱቅ ውስጥ ያለ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ

ገዢው ከተለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ካርቶኖች ጥቂት ሴራሚኮች አውጥቶ የሚከተሉትን ፈተናዎች ማድረግ ይችላል።

• ሁለት ሴራሚኮችን ፊት ለፊት ገጥሞ ጠርዛቸውን መመልከት። መሐላቸው ላይ ክፍተት ከታየ ወይም አንዱ በሌላው ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ጎብጠዋል።
• ብዙ ሴራሚኮችን ደርድሮ በጠርዛቸው ላይ እጅን ማሳለፍ። አንዱ ከሌላው ረዝሞ ወይም አጥሮ ከተሰማ ልካቸው አንድ አይደለም።
• አንዱን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ በጣት አንጓ መምታት። ጥርት ያለ ድምፅ ደኅንነቱን ሲያመለክት፣ የታፈነ ድምፅ ግን የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል።
• ገጹን በብርሃን ፊት በሰያፍ ይዞ ማየት። ነጠብጣብ፣ ቀዳዳ፣ የተሸራረፈ ጠርዝና እንደ ፀጉር የቀጠኑ የልባስ ስንጥቆች በዚህ መንገድ ይለያሉ።
• ጀርባውን በውሃ አርሶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ውሃው ወደ ጀርባው መግባቱ ጉድለት አይደለም፤ ከፊት በኩል የጠቆረ ጥላ ሆኖ ከታየ ግን ልባሱ ስስ ስለሆነ በዕቃ ማጠቢያ አካባቢ ተመሳሳይ እድፍ ሊወጣበት ይችላል።

ይህን ምርመራ የማይፈቅድ ሻጭ በሚገጥምበት ጊዜ ገዢው ሌላ ሱቅ መሞከሩ የተሻለ ነው።

5. እውነተኛውን ዋጋ ማስላት

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያነት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋን የሚያመለክቱ አይደሉም።

አንድ ካርቶን 1.5 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሴራሚክ 1,350 ብር፣ ሌላ 1.44 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ደግሞ 1,368 ብር ይሸጣል ይባል። የመጀመሪያው በካሬ ሜትር 900 ብር፣ ሁለተኛው 950 ብር ነው። እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። በምርመራ ጊዜ ግን ከመጀመሪያው 100 ሴራሚክ 12ቱ የጎበጡ ወይም የተሸራረፉ ሆነው፣ ከሁለተኛው ግን 3ቱ ብቻ ቢገኙ፣ ጥቅም ላይ የሚውለው የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ በመጀመሪያው ወደ 1,023 ብር፣ በሁለተኛው ወደ 979 ብር ይሆናል። ርካሽ የመሰለው በዚህ ስሌት ውድ ሆኖ ይገኛል።

ዋጋ ሲጠየቅ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ታክስ ሳይጨምር 900 ብር የተባለ ዕቃ ከነታክሱ 1,035 ብር ነው። በዚህ ላይ የማጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የማጣበቂያ፣ የመጋጠሚያ መሙያና የባለሙያ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ለሚለጠፈው ስፋት ሲካፈል ትክክለኛው የካሬ ሜትር ዋጋ ይገኛል።

የካርቶን ብዛት ሲሰላ ሁልጊዜ ወደ ላይ መጠጋጋት አለበት። ለ13.8 ካሬ ሜትር 10 በመቶ ሲጨመር 15.18 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ባለ 1.5 ካሬ ሜትር ካርቶን ከሆነ 11 ካርቶን ይገዛል። ከሥራው የተረፉት ሴራሚኮች ሊጣሉ አይገባም። የውሃ ቧንቧ ለመጠገን ግድግዳ በሚፈረስበት ጊዜ ተመሳሳይ ቀለም ከገበያ ማግኘት አዳጋች ስለሆነ በመጠባበቂያነት ይቀመጣሉ።

6. የግድግዳው ዝግጅትና የመለጠፊያ ዕቃዎች

ጥሩ ሴራሚክ ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ይወድቃል። አዲስ ልስን ውሃ እየጠጣ ጠንክሮ በሚገባ እስኪደርቅ ድረስ መቆየት አለበት። በቀለም፣ በኖራ ወይም በጂፕሰም በተሸፈነ ግድግዳ ላይ በቀጥታ መለጠፍ አይገባም፤ ሽፋኑ ሲላቀቅ ሴራሚኩንም ይዞ ይወርዳል። ሽፋኑን ፍቆ ማንሳትና ልስኑን በመሮና በመዶሻ ማሻከር ያስፈልጋል።

የግድግዳ ሴራሚክ በሲሚንቶ ቡኬት የሚለጠፍ ከሆነ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ይህ ካልተደረገ ደረቁ ሴራሚክ የቡኬቱን ውሃ ቶሎ መጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። በተዘጋጀ ማጣበቂያ የሚለጠፍ ከሆነ ግን በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የአጠቃቀም መመሪያ መከተል ይገባል። ማጣበቂያው በሴራሚኩ መሐል ብቻ በጉብታ መልክ ሳይሆን ጀርባውን በሙሉ እንዲነካ ሆኖ መቀባት አለበት። ባዶ የቀሩ ማዕዘኖች በቀላሉ ይሰበራሉ፤ በውስጣቸውም እርጥበትና በረሮ ይጠራቀማል።

ሴራሚኮቹ ያለ ክፍተት ተጠባብቀው መለጠፍ የለባቸውም። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት በግራውት ይሞላል። ነጭ ግራውት በምድጃ አካባቢ በበርበሬና በዘይት ቶሎ ስለሚበከል ግራጫ ወይም ከሴራሚኩ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ይመረጣል። ውሃ የማይመጥ የኢፖክሲ ግራውት ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ከምድጃውና ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ ባለው ክፍል ብቻ ቢጠቀሙበት ወጪው ይቀንሳል።

7. የሸማቹ መብትና ሊያዙ የሚገባቸው ማስረጃዎች

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት አለው። ነጋዴውም የዕቃዎቹን ዋጋ በግልጽ የማሳወቅና ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት እንደሆነ፣ ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ዋስትና ወይም ውል እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሸማቹ ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል።

ይህ የጊዜ ገደብ ለሴራሚክ ገዢ ልዩ ትርጉም አለው። ብዙ ቤተሰቦች ዋጋ እንዳይጨምር በመስጋት ሴራሚኩን ቀደም ብለው ገዝተው ባለሙያ እስኪገኝ ወራት ያስቀምጡታል፤ ካርቶኑን የሚከፍቱት በሥራው ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ሥራው ወደፊት የሚጀመር ቢሆንም ካርቶኖቹ ዕቃው እንደደረሰ ተከፍተው መቆጠርና መመርመር አለባቸው።

በቅናሽ ዋጋ ያለ ደረሰኝ መግዛት የሚያስገኘው ጥቅም ጊዜያዊ ነው። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ዕቃውን ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛ ማስረዳት ይቸግረዋል። በደረሰኙ ላይ የሴራሚኩ ዓይነት፣ መጠን፣ የጥራት ደረጃና የካርቶን ብዛት እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። በማጓጓዝ ላይ ለሚሰበር ዕቃ ኃላፊው ማን እንደሆነና ያልተከፈቱ ትርፍ ካርቶኖች የሚመለሱ መሆኑንም አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት አለመግባባትን ያስቀራል።

ጉድለት ከተገኘ ሥራውን ማቆም፣ ጉድለቱን ከካርቶኑ ጽሑፍ ጋር ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ናሙና ማስቀመጥና ደረሰኙን ይዞ ሻጩን ማነጋገር ይገባል። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ሸማቹ እነዚህን ማስረጃዎች ይዞ ሱቁ በሚገኝበት አካባቢ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

8. ከክፍያ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

• የሚለጠፈው ስፋት ተለክቶ 10 በመቶ መጠባበቂያ ተጨምሮበታል?
• ዋጋው ታክስን ጨምሮ በካሬ ሜትር ተሰልቷል?
• ሁሉም ካርቶኖች አንድ ዓይነት የቀለም ቁጥር፣ ካሊበርና የጥራት ደረጃ አላቸው?
• ከተለያዩ ካርቶኖች የወጡ ሴራሚኮች ተመርምረዋል?
• ለሴራሚኩ ዓይነት ተስማሚ የሆነው ማጣበቂያ በወጪው ውስጥ ተካቷል?
• ዝርዝር መግለጫ ያለው ደረሰኝ ተሰጥቷል?
• ዕቃው ቤት እንደደረሰ ከ15 ቀናት በፊት የሚመረምረው ሰው ታውቋል?

ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል ለአንዱም ቢሆን ምላሽ ሳይገኝ ሴራሚኩን መለጠፍ መጀመር አይመከርም።